ማን ያገላብጠው? የትራስና የአልጋ ቁስል ታሪክ፣ ከሰሜን ወሎ ሲታይ

በድሮው የዳኝነት ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ነገራቸው እስኪቆረጥ ድረስ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው ወይም በሰንሰለት ተያይዘው ይሄዱ ነበር። ይህ ቁራኛ ይባላል። አንዱ ሲነሣ ሌላው ይነሣል፣ አንዱ ሲተኛ ሌላው አጠገቡ ይጋደማል። ሥርዓቱ ቀርቷል፤ ቃሉ ግን ከፍርድ ቤት ወጥቶ ሕመም ቤት ገባ። ከአልጋው መነሣት ያቃተውን ሰው ዛሬም «የአልጋ ቁራኛ» እንለዋለን። ከሕክምና መጻሕፍት ካገኘኋቸው ስሞች ሁሉ ይህን ቃል አብልጬ እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም በነገሩ ውስጥ ከአንድ በላይ ሰው እንዳለበት ይናገራል። ከአልጋው ጋር የታሰረ ታማሚ አለ፣ ከታማሚው ጋር ደግሞ የታሰረች አስታማሚ አለች።

የመጽሔታችን አዘጋጆች ከሕክምና ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳዋጣ ሲጠይቁኝ ስለ ቀዶ ሕክምና ወይም ስለ ወረርሽኝ ጠብቀው ይሆናል። እኔ የመረጥኩት ትራስን ነው። ሳቃችሁን ስትጨርሱ እቀጥላለሁ።

በወልዲያ፣ በመርሳና በሀብሩ ገጠር ቀበሌዎች ከስትሮክ የተረፈ፣ ማንጎ ሲያወርድ ከዛፍ ወድቆ ወገቡ ተሰብሮም ነፍሱ የዳነች፣ ከማጅራት ገትር የወጣ ሰው፣ በስተመጨረሻ ከመቀመጫው በላይ በተከፈተች ቁስል ሲሞት አይተናል። ዋርድ ውስጥ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ቁስሏ መጀመሪያ የሳንቲም ያህል ናት። ውላ አድራ ቡጢ ታስገባለች፤ አጥንት ይታያል፤ ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ይገባል። ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው የሞት ምክንያት ግን «ስትሮክ» ነው። እኛ ባለሙያዎቹ «ቤድ ሶር» እንላታለን፤ ቤተሰብ «ጀርባው ቆሰለ» ይላል። ከእ.ኤ.አ. 2016 ወዲህ አሜሪካኖቹ ስሙን ወደ «የግፊት ጉዳት» ቀይረውታል፤ ቆዳው ገና ሳይከፈትም ሥጋው ሊሞት ስለሚችል ነው። ስሙ ትክክል ነው፤ እኔ ግን የለመድነውን የአልጋ ቁስል እላለሁ።

የዚህን ቁስል ታሪክ ወደ ኋላ ሄጄ ሳነብ የገረመኝ መፍትሔው ጥንታዊ መሆኑ ነው። የአልጋ ቁስልን በትራስ የማዳን ዝነኛው ታሪክ የተፈጸመው ከ450 ዓመት በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ እየተንከባለለ የመጣው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ሥራው የማን ነው?

በእ.ኤ.አ. 1569 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሻርል 9ኛ የራሱን ቀዶ ሐኪም አምብሯዝ ፓሬን ዛሬ ቤልጂግ በምንለው አገር፣ ሞንስ ከተማ አጠገብ ወደሚኖር አንድ መኮንን ላከው። ማርኪ ዶሬ የሚባለው ይህ መኮንን ከወራት በፊት ጉልበቱ አካባቢ በጥይት ተመቶ የጭኑ አጥንት ተሰብሯል። ፓሬ ሲደርስ ያገኘው ትኩሳት ያነደደው፣ ከስቶ አጥንቱ የቀረ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። መቀመጫው ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቁስል አለ። አንሶላው ለብዙ ጊዜ አልተቀየረም፤ ለምን ሲባል፣ ሲነኩት ስለሚያመው። (ይህን ምክንያት ስንቴ ሰምታችሁታል?) ፓሬ ስለ እግሩ ቁስልና ስለ መግሉ ያደረገው ብዙ ነው፤ መጀመሪያ ካዘዛቸው ነገሮች ግን ንጹሕ አልጋ፣ ንጹሕ አንሶላና ከላባ የተሠራች ትንሽ ትራስ ይገኙባቸዋል። ትራሷ የተሠራችው መቀመጫው ምንም ሳይነካ አየር ላይ እንዲቆም ነው። እንቅልፍ እንዲወስደውም ከከፍታ ውኃ እያንጠባጠበ የዝናብ ድምፅ አሰማለት፤ ምግቡንም አስተካከለ። መኮንኑ ዳነ።

እዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ትራሱን ያዘዘው ሐኪሙ ነው። አንሶላው እንዲቀየር ያዘዘውም እሱ ነው። «ይህ የአገልጋዮቹ ጉዳይ ነው» ብሎ አላለፈውም።

ላባ ትራስ የመኳንንት ነበር። በእኛ አገር ደግሞ ሰው የሚተኛው እንደ አቅሙና እንደ አየሩ ነው፦ በጠፍር አልጋ፣ በመደብ ላይ በተነጠፈ ቁርበት፣ በሰሌን፣ በጭድ ፍራሽ። ከነዚህ ሁሉ ለታማሚ የሚመረጠው አጎዛ ነው። አራስም ሽማግሌም አጎዛ ይነጠፍለታል። ነገሩ ባህል ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ፈረንጆቹ በሳይንስ ፈትነውታል። ሜልበርን፣ አውስትራሊያ ውስጥ ተደርጎ በእ.ኤ.አ. 2004 በታተመ ጥናት 441 የሆስፒታል ሕሙማን በዕጣ ተከፍለው ገሚሱ በግ ቆዳ ላይ፣ ገሚሱ በተለመደው አልጋ ላይ እንዲተኙ ተደረገ። በተለመደው አልጋ ከተኙት 16.6 በመቶው ቁስል ሲያወጡ በቆዳው ላይ ከተኙት ያወጡት 9.6 በመቶው ናቸው። ምክንያቱ የሚገባ ነው፤ ጸጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ግፊቱን ያሰራጫል፣ ላብ ይመጣል፣ ቆዳን አይፈገፍግም። ሰው ሠራሹ፣ የፕላስቲክ ጸጉር ያለው ግን ያንን አያደርግም። እርግጥ የእነሱ ቆዳ በሙቅ ውኃ ታጥቦ እንዲመለስ ሆኖ የተለፋ ነው፤ የኛ አጎዛ ሽንት ከነካው ይደርቃል፣ ይሸታል፣ ቁንጫም ይወዳል። ስለዚህ ሽንቱን ለሚቆጣጠር ሰው ጥሩ ነው፣ ለማይቆጣጠር ከባድ ነው። የሆነ ሆኖ ከሲሪንካ ወይም ከጊራና አጎዛ ተሸክማ የመጣችን እናት «ይህን ቆሻሻ አውጪ» ከማለታችን በፊት ሁለቴ ብናስብ መልካም ነው።

ወደ ፈረንጆቹ ታሪክ ልመለስ፤ ነገሩ የተበላሸው 19ኛው መቶ ዓመት ላይ ነውና። በፓሪስ የነርቭ ሕክምና አባት የሚባለው ሻርኮ የአልጋ ቁስልን በጥንቃቄ አጠና፤ ከዚያም የተሳሳተ ድምዳሜ ላይ ደረሰ። ስትሮክ ወይም የአከርካሪ ጉዳት ያለበት ሰው የሚቆስለው ቆዳን የሚመግበው ነርቭ ስለተጎዳ ነው አለ። የቁስሉን ፈጣን ዓይነት የሞት ምልክት አድርጎ ቆጠረው፤ ወጣች ማለት ሰውየው አይተርፍም፣ ሐኪሙም የሚያደርገው የለም። የሚያሳዝነው ከዚያ በፊት፣ በ1850ዎቹ መጀመሪያ፣ ብራውን ሴካር የተባለው ሐኪም ኅብለ ሰረሰራቸው በተቆረጠ እንስሳት ላይ ተቃራኒውን አሳይቶ ነበር። ግፊት ካልተጫናቸውና ከሽንት ንጹሕ ከሆኑ አይቆስሉም፤ የቆሰሉትም ይድናሉ። ነርቩ የለም፣ ቆዳው ግን ደህና ነው። የሻርኮ ስም ትልቅ ስለነበር የብራውን ሴካር ነገር ወደ ጎን ተባለ።

በዚያው ዘመን እንግሊዝ አገር ፍሎረንስ ናይቲንጌል ስለ ነርሲንግ በጻፈችው ዝነኛ መጽሐፍ የአልጋ ቁስል አብዛኛውን ጊዜ የበሽታው ሳይሆን የአስታማሚነቱ ጉድለት ነው ብላ ተከራከረች። ትክክል ናት። ግን ንግግሯ ያላሰበችው መዘዝ ያመጣ ይመስለኛል። ሻርኮ ለሐኪሙ «አትችልም» አለው፤ ናይቲንጌል ለነርሷ «ያንቺ ነው» አለቻት። ሁለቱ ሲደመሩ ሐኪሙ ከጨዋታው ወጣ። ዛሬም ራውንድ ላይ ታማሚው በጀርባው እንደተኛ ደረቱን አዳምጠን፣ ላብራቶሪውን አይተን፣ ጀርባውን ሳናይ ወደሚቀጥለው አልጋ የምናልፈው የእነዚህ የሁለቱ ወራሾች ሆነን ነው እላለሁ። መምህራኖቻችን ይቅር ይበሉኝ።

የሐኪሙን እጅ ወደ ነገሩ የመለሰው ሉድቪግ ጉትማን ነው። ከናዚ ጀርመን የተሰደደ አይሁዳዊ የነርቭ ሐኪም ነበር፤ በእ.ኤ.አ. 1944 ለእንግሊዝ ሠራዊት ቁስለኞች ስቶክ ማንዴቪል በተባለ ሆስፒታል የአከርካሪ ጉዳት ክፍል እንዲያቋቁም ተሾመ። እስከዚያ ድረስ አከርካሪው የተሰበረ ወታደር በአልጋ ቁስልና በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በወራት ወይም በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንደሚሞት ይታሰብ ነበር፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት አብዛኞቹ የሞቱት እንዲሁ ነው። ጉትማን አዲስ መድኃኒት አላመጣም። ያመጣው ደንብ ነው። እያንዳንዱ ታማሚ ቀንም ሌሊትም በየ2 ሰዓቱ ይገላበጣል። የሚያነሡት ሰዎች በቡድን ተመድበዋል፤ አንዱ ራስና ትከሻ፣ ሌላው ወገብ፣ ሌላው እግር ይዞ በአንድ ድምፅ ያነሡታል፣ አይጎትቱትም። ሰውነቱ በትራስ ተደርድሮ ይያዛል፤ አጥንት የሚወጣበት ቦታ ሁሉ በትራሶቹ መሐል ክፍት ቦታ ላይ ይውላል። ጉትማን ራሱ በሌሊት ብቅ እያለ መገላበጣቸውን ያረጋግጥ ነበር፤ ሠራተኞቹ እንደማይወዱለት መገመት አያቅትም። ሰዎቹ ግን መሞታቸውን አቆሙ። ቀጥሎ «ታዲያ በሕይወታቸው ምን ያድርጉ?» የሚል ጥያቄ መጣ፤ በእ.ኤ.አ. 1948 በዊልቸር ቀስት ያወዳደራቸው ያኔ ነው። ፓራሊምፒክ የተወለደው ከዚያ ነው።

ይህ ሩቅ አገር ታሪክ የሚመስለው ካለ አንድ ስም ልጥራለት፦ ሻምበል አበበ ቢቂላ።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ምሽት የሮምና የቶኪዮው ጀግና ቮልስዋገን መኪናውን እየነዳ ሸኖ አካባቢ ተገለበጠ። አንገቱ አካባቢ አከርካሪው ተጎዳ። መጀመሪያ እጁም እግሩም አልታዘዘውም። ከክብር ዘበኛ ሆስፒታል ሳምንት ገደማ ቆይቶ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ የገባውም ስቶክ ማንዴቪል፣ ጉትማን ዘንድ ነው። ወራት ቆየ። የእጆቹ ጉልበት ተመለሰ፣ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። በእ.ኤ.አ. 1970 እዚያው ስቶክ ማንዴቪል በቀስት ውድድር ተሰለፈ፤ በዓመቱ ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ መንሸራተቻ ውድድር አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. አረፈ፤ ገና በ41 ዓመቱ።

ስለ አበበ ስንጽፍ እግሮቹን እናስባለን። ሐኪም ስሆን ግን እኔ የማስበው ጀርባውን ነው። ሕዝቡ ሁሉ በጋዜጣ ያየው ፈገግ ብሎ ዊልቸር ላይ የተቀመጠ ሰው ከዚያ በፊት ለብዙ ሌሊቶች በየ2 ሰዓቱ እንዲገላበጥ በሚያዝ ክፍል ውስጥ የተኛ ሰው ነው። ቆዳው የቆሰለ ሰው ቀስት አይወረውርም፣ ዊልቸር ላይም ግማሽ ቀን አይቀመጥም። በዚያው ዓመት፣ በዚያው መንገድ፣ የወሎ አውቶቡስ ተገልብጦ አከርካሪው የተሰበረ ገበሬ ቢኖር ወደ ስቶክ ማንዴቪል የሚወስደው አውሮፕላን አልነበረም። በየ2 ሰዓቱ መገላበጥ ግን አውሮፕላን አይፈልግም።

የ2 ሰዓቱ ነገር ከየት መጣ ለምትሉ፣ ልምዱ ከጥናቱ ይቀድማል። ላንዲስ በእ.ኤ.አ. 1930 በጥፍር ሥር ባለች የደም ቧንቧ ውስጥ መርፌ አስገብቶ ግፊቱን ለካ፤ ደሙ በሚገባበት ጫፍ 32 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ሆኖ አገኘው። ከዚያ በላይ ከውጭ ከተጫነ ቧንቧዋ ልትዘጋ ትችላለች። ጠንካራ ነገር ላይ ሲተኛ አጥንት ሥር ያለው ግፊት ከዚህ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ኮሲያክ በ1959 በውሾች ላይ ያሳየው ደግሞ ግፊትና ጊዜ እንደሚተካኩ ነው፤ ትልቅ ግፊት በአጭር ጊዜ የሚያደርሰውን ጉዳት ትንሽ ግፊት በረዥም ጊዜ ያደርሰዋል። ከሱ ዓመት ቀደም ብሎ ራይክል የመንሸራተትን ነገር አነሣ። የአልጋው ራስጌ ከፍ ሲል ታማሚው ቀስ እያለ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ቆዳው አንሶላው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ አጥንቱ ግን ይወርዳል፤ መሐል ያሉት ቧንቧዎች ይወጠራሉ፣ ይታጠፋሉ። «ትንሽ ቀና ይበል» ብለን ራስጌውን አንሥተን የምንሄደው ሰው ወገቡ ሥር የሚሆነው ይህ ነው። ከ30 ዲግሪ በላይ ማንሣት ለምግብ ሰዓትና ለትንፋሽ ችግር ይቆይ።

አሁን ወደ እኛ ዋርዶች እንግባ። በየሆስፒታሉ ከአሮጌ የነርሲንግ መጻሕፍት የወረስናቸው ሦስት ነገሮች አሉ፤ ሦስቱም በቅን ልብ የሚደረጉ ናቸው፣ ሦስቱም መቅረት አለባቸው። አንዱ ቀለበቱ ነው፤ መሐሉ ክፍት የሆነ የጎማ ወይም የጨርቅ መቀመጫ። ሐሳቡ የፓሬን ይመስላል፤ ቁስሉ አየር ላይ ይቁም ነው። ልዩነቱ ቀለበት ክብደቱን በሙሉ በዙሪያው ባለች ጠባብ መስመር ላይ ይጭነዋል፤ ወደ መሐል የሚሄደውን ደም እንደ ገመድ ያንቀዋል። ሁለተኛው ውኃ ወይም አየር ተሞልቶ ተረከዝ ሥር የሚቀመጠው ጓንት ነው። የላም ግት መስሎ አልጋ ላይ ተጋድሞ ያላየ የለም። ጓንት ትንሽ ስለሆነ ግፊቱን አያሰራጭም፤ ይንከባለላል፣ ይፈሳል፣ ላስቲኩ ያልባል። ሦስተኛው ቀልቶ የተገኘ ቦታን በአልኮል ማሸት ነው። የተጎዳች ቧንቧን ማሸት የበለጠ መጉዳት ነው፤ አልኮሉም ቆዳውን ያደርቃል። ዓለም አቀፍ መመሪያዎች እነዚህን አታድርጉ ካሉ ቆይተዋል፤ ልማድ ግን ከመመሪያ ይልቅ ዕድሜ አለው።

ስለ «ቀልቶ የተገኘ» ካነሣሁ አይቀር፣ መጻሕፍቱ የተጻፉት ለነጭ ቆዳ ነው። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ የመጀመሪያዋ ምልክት ላትቀላ ትችላለች። በእጅ ጀርባ ዳስሱ፦ ከአካባቢው ሞቃለች ወይስ ቀዝቅዛለች? ጠጥራለች ወይስ እንደ በሰለ ፓፓያ ለስልሳለች? ታማሚው መናገር ከቻለ ታመዋለች? ለኢንተርኖቻችን ከመጽሐፉ ሥዕል በፊት ይህን ብናስተምር ምኞቴ ነው።

ከሀገራችን የተጻፉ ጥናቶች ጥቂት አይደሉም። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል በተደረገና በእ.ኤ.አ. 2014 በታተመ ጥናት ከ422 ተኝተው ከሚታከሙ ሕሙማን 16.8 በመቶው የአልጋ ቁስል ነበረባቸው፤ ከስድስት ሰው አንድ ማለት ነው። የሰሜን ወሎን ነገር ደግሞ ጦርነቱ የባሰ አደረገው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልዲያም መርሳም በጦርነቱ ሲያዙ የጤና ተቋማቱ ተዘርፈዋል፣ ተሰባብረዋል። መሣሪያው ተመልሶ ሲገዛ ሁሉም የሚያስታውሰው ኤክስሬይና አልትራሳውንድ ነው፤ ስለ ፍራሽ የሚጽፍ የለም። ስፖንጅ ፍራሽ ዕድሜ አለው። መሐሉ ሰርጉዶ ከሥሩ የብረት አልጋው ርብራብ ሲዳሰስ ፍራሽ መሆኑ አብቅቷል። ፈተናው ቀላል ነው፦ ታማሚው ተኝቶ ሳለ መዳፋችሁን ወደ ላይ አድርጋችሁ ከፍራሹ ሥር አስገቡ፤ የመቀመጫው አጥንት ከተሰማችሁ ሰውየው የተኛው ብረት ላይ ነው። በላዩ ማካንቶሽ ሲነጠፍ፣ መርሳና ጊራና ደግሞ በሙቀቱ ሲታሰቡ፣ ጀርባው ቀኑን ሙሉ በላብ ይቀቀላል።

መንገዱንም አትርሱ። ከመርሳ ወልዲያ 30 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ከወልዲያ ደሴ ደግሞ 120። አከርካሪው የተጎዳ ሰው ጠንካራ ቃሬዛ ላይ ሳይንቀሳቀስ ሰዓታት ይጓዛል፤ ደርሶም ድንገተኛ ክፍል ኮሪደር ላይ በዚያው ቃሬዛ ይቆያል። ከሦስት ቀን በኋላ ዋርድ ውስጥ የምትከፈተዋ ቁስል ብዙ ጊዜ የተወለደችው እዚያ ነው። ዋርዱ ይወቀሳል።

ታዲያ ማን ያገላብጠው? ጉትማን የተመደቡ ሠራተኞች ነበሩት። እኛ አንዲት ነርስ ለብዙ አልጋ አለችን፤ በሌሊት ደግሞ እሷም ከድንገተኛው ወደ ዋርዱ ስትሮጥ ታድራለች። የሚያገላብጠው ያው ቁራኛው ነው፦ ሚስት፣ ልጅ፣ እህት፣ አንዳንዴም የጎረቤት ልጅ። አንድ ጊዜ ባሏ በስትሮክ የተኛ፣ ከሀብሩ ገጠር የመጣች ሴት አስታምማ ስታበቃ ጀርባው ላይ አንድ ጭረት አልነበረችም። «እንዴት አደረግሽ እማማ?» አልኳት። «አያ አሊን በአንድ ጎን ስተወው ያቃስታል ዶክተሬ፤ ሲያቃስት አዞረዋለሁ» አለችኝ። ጀርባው ሥር የደገፈችው የተጠቀለለ ጋቢ ነው፤ ጉልበቶቹ መሐል ያስገባችው የልጆቿ ልብስ የታጨቀበት ከረጢት ነው። ማንም አላስተማራትም። ስቶክ ማንዴቪልን በጋቢ ሠርታዋለች።

ሁሉም ታማሚ ግን አያቃስትም። አከርካሪው የተጎዳ አይሰማውም፤ ራሱን የሳተ አይናገርም። ለነሱ ማስተማር የኛ ፈንታ ነው፤ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ያለ ቁጥር አይሆንምና፣ ለአንድ ታማሚ አምስት ትራስ ብትሉ ይሠራል። አንዱ ለራስ። አንዱ ከጀርባ፣ ከትከሻ እስከ ወገብ፤ ታማሚው ሙሉ በሙሉ በጎኑ ሳይሆን 30 ዲግሪ ብቻ ጋደል እንዲል፣ ምክንያቱም ቀጥ ብሎ በጎኑ ከተኛ የዳሌው አጥንት በተራው ይቆስላል። አንዱ በጉልበቶች መሐል፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ። አንዱ በጀርባው ሲተኛ ከባቱ ሥር፣ በቁመቱ፤ ተረከዙ አየር ላይ እንዲንሳፈፍና ወረቀት ከሥሩ ማለፍ እንዲችል። አንዱ የተዘለለውን ክንድ የሚሸከም። ሲያዞሩ ሁለት ሰው አንሶላውን ይዞ ያንሣ፤ ብብት ይዞ መጎተት ይቅር። ውስጡ ስፖንጅ ቢሆን ይታጠባል፤ ጥጥ ይመቻል ግን ሽንት ይጠጣል፤ ጭድ ይወጋል፣ ትኋንም ይጠራል። ልባሱ ሁለት ሁለት ሆኖ ከአቡጀዲ ቢሰፋ አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይለበሳል። የወልዲያ ገበያ ልብስ ሰፊ ይህን በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል።

ችግሩ ትራስ የማንም አለመሆኑ ነው። መድኃኒት አይደለም፣ ፋርማሲ አይገዛውም። መሣሪያ አይደለም፣ ባዮሜዲካል አያውቀውም። ግምጃ ቤት ሲጠየቅ አላቂ ነው ወይስ ቋሚ ዕቃ የሚል ክርክር ይነሣል፤ በሞዴል 19 ገብቶ በሞዴል 22 እስኪወጣ ታማሚው ወይ ድኗል ወይ ሞቷል። ለአልጋ ቁስል የምናዝዘው አንቲባዮቲክ ግን ይህ ክርክር የለበትም፤ ያለቀው ሁሉ ይገዛል። በቻርቱ የትእዛዝ ገጽ ላይ፣ ከአንቲባዮቲኩ በላይ፣ «በየ2 ሰዓቱ ይገላበጥ፣ ትራስ 5፣ ተረከዝ ከፍራሽ ይነሣ» ብሎ ሐኪሙ ፈርሞ ቢጽፍ ግን ነገሩ ትእዛዝ ይሆናል፤ ትእዛዝ ደግሞ በግምጃ ቤትም፣ በነርሷም፣ በአስታማሚዋም ፊት ክብደት አለው። ፓሬ ያደረገው ይህንኑ ነው።

2 ሰዓት ይበዛል የሚሉ አሉ። በእ.ኤ.አ. 2013 በአሜሪካና በካናዳ የአረጋውያን መጦሪያዎች፣ ከ900 በላይ ነዋሪዎች ላይ የተደረገ ትልቅ ጥናት በየ2፣ በየ3 ወይም በየ4 ሰዓት በማገላበጥ መካከል ልዩነት አላገኘም። ጥናቱ ጥሩ ነው፤ ግን ሁሉም የተኙት ጥቅጥቅ ባለ ስፖንጅ ፍራሽ ላይ ነው። ርብራቡ ለሚዳሰስ ፍራሽ ጥናቱን መጥቀስ አይቻልም። ፍራሹ የተለወጠ ቀን እኔም እከራከራለሁ።

ቀኑን ማገላበጥ ብዙም አያስቸግርም። ወሎ ውስጥ ሰዓት የሌላት አስታማሚም ቀኑን በአዛንና በደወል ትከፍለዋለች፤ ዙህር ሲሆን ወደ ግራ፣ አስር ሲሆን ወደ ቀኝ፣ በመሐሉም ምግብና መድኃኒት ሲመጣ ይዞራል። ክፍተቱ ሌሊት ነው። ከኢሻ እስከ ሱብሂ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ነው፤ ዋርዱ ጸጥ የሚለው፣ አስታማሚዋም አልጋው ሥር ሰሌኗ ላይ የምትረታው በዚያ ሰዓት ነው። ታማሚው ዘጠኝ ሰዓት በጀርባው ይቆያል። አሁን አብዛኛው ሰው ስልክ አለው፤ በ3፣ በ5፣ በ7 እና በ9 ሰዓት እንዲጮኽ አድርጎ መስጠት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። አስታማሚዎቹ ሁለት ከሆኑ ሌሊቱን ለሁለት ይካፈሉታል፤ ጎን ለጎን የተኙ ሁለት ታማሚዎች ያሏቸው ሁለት ብቸኛ አስታማሚዎች ደግሞ ተቀናጅተው አንዷ ስትተኛ ሌላዋ ለሁለቱም ትነሣለች፤ ሁለት ሰው ለማንሣትም ያስፈልጋልና። አልጋው ግርጌ በተንጠለጠለው ወረቀት ላይ ያዞረችው ፊርማ ካልቻለች ጣቷን ታሳርፋለች። ጠዋት ራውንድ ላይ መጀመሪያ የሚነበበው ያ ወረቀት ነው፤ ከዚያ ታማሚው ይዞርና ጀርባው ይታያል።